የማዳም ልጅ አስፕሪን ሠራች፣ የኔ ልጅ ቢከርን የምታውቀው በሥዕል ነው

ሁሌ የናንተን ታሪክ እያነበብኩ ሳለቅስም ስስቅም ነበር፣ ዛሬ ግን የኔንም ሐሳብ ልጻፍ ብዬ ነው። ሪያድ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራ ጨርሼ ማታ ስለምጽፍ ስህተት ካለ ይቅርታ።

የማዳሜ ትልቋ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አምና ትምህርት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ላብራቶሪ እየተመላለሰች መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ተማረች። ነጭ ጋዋኗን የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ኩሽና ቁጭ ብላ "ዛሬ አስፕሪን ሠራሁ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ማሽን ላይ አንድ ቁልፍ ተጭና መስሎኝ ነበር።

እንደዚያ አይደለም። ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት መዘነች። እንደ ኮምጣጤ የሚሰነፍጥ አሴቲክ አንሃይድራይድ የሚባል ፈሳሽ ጨመረችበት፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ጠንካራ አሲድ። ሙቅ ውኃ ውስጥ አሞቀችው፣ ቀጥሎ በረዶ ውስጥ ስታስቀምጠው ነጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ወጣ። አጥልላ አደረቀችው። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ብረት ያለበት ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። ሐምራዊ ከሆነ ያልተለወጠ ዱቄት ቀርቶበታል ማለት ነው። የሷ ሐምራዊ ሆነ! ታዲያ አልሰደቧትም፣ "የት ጋ እንደተሳሳትሽ አስቢና ድገሚው" አሏት። የሠሩትን ግን አይውጡትም፣ ለትምህርት ብቻ ነው።

ያን ቀን ማታ ልጄ ጋ ደወልኩ። እሷም አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እማዬ ጋ ነው የምታድገው። "ትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ አለ?" አልኳት። "ክፍሉ አለ እማ፣ ግን ቁልፍ ነው፣ ኬሚካል የለም ይላሉ።" "ቢከር ታውቂያለሽ?" "መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን አይቻለሁ።" ቀመሩን ግን በቃሏ ወረደችልኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አንዳንዶቻችሁ "ላብራቶሪ እንጀራ ይሆናል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሽንት ቤት ቶሎ እንዲጸዳልኝ ብዬ በረኪናና አሲድ ያለበትን ማጽጃ አንድ ላይ ደፋሁ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፣ እየሳልኩ ወደ ሰገነት ሮጥኩ። ሞቴ የደረሰ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ይህች ልጅ ስትነግረኝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 እንደ ፈረንጆቹ ወታደር የፈጁበት ጋዝ። እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ ኬሚካል ስንነካ ነው የምንውለው፣ ያስተማረን ግን የለም። እባካችሁ እህቶቼ፣ በረኪናን ከአሲድም፣ ከኮምጣጤም፣ ከአሞኒያም ጋር አታደባልቁ። ከተሳሳታችሁ ቶሎ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ፈልጉ።

ደግሞ ይህ ነገር የፈረንጅና የሀብታም ብቻ አይደለም። እንዶድን የማያውቅ አለ? እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበታል። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ጉዳዩን ላብራቶሪ ወስደው ስላጠኑት፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው የግኝቱ መነሻ! እንዶዱ ከጥንትም እጃችን ላይ ነበር። የጎደለን ይህ ለምን ሆነ ብሎ የሚመረምርበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። ወንድሜ ደውሎ "ልጅቷ ደርሳለች፣ ፓስፖርት እናውጣላትና አንቺ ጋ ትምጣ፣ ሁለት ሆናችሁ ቤቱን ትጨርሱታላችሁ" አለኝ። እሷም "እሺ እማ፣ ልምጣና ላግዝሽ" ትላለች። የቤቱ ጣሪያ ገና አልተመታም፣ እማዬም እየደከመች ነው። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ለፓስፖርቱና ለደላላው የሚወጣውን ብር፣ በክረምት ላብራቶሪ ገብታ በእጇ እንድትሠራበት ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ይሁን አልኩ።

አገር ቤትም እኮ አለ። ባሕር ዳርን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ስቴም የሚባል ማዕከል ከፍተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ቢሾፍቱም ፎቃ የሚባል አለ። እኛ የጠየቅንበት ቦታ ምርጫው በውጤት ነው ብለውናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ላይሳካ ይችላል። ባይሳካም ከሌሎች ወላጆች ጋር አዋጥተን ያንን የተቆለፈ ክፍል ማስከፈት እንሞክራለን። ቢከርና ጥቂት ኬሚካል ከቤት ጣሪያ አይበልጥም።

እህቶቼ፣ ብር ስትልኩ "ደረሳችሁ?" ብቻ አትበሉ። "ልጄ በእጇ ምን ሠራች?" ብላችሁም ጠይቁ። እኛ እጃችንን የሸጥነው የነሱ እጅ ሌላ ነገር እንዲይዝ አይደል?

ወንድሜ እስካሁን አኩርፎኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ለአገራችን በሰላም ያብቃን።