የሞተሩ ሽፋን ሲላጥ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

በኖቬምበር 2023 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በዱባይ የአየር ትርዒት ላይ የኤሚሬትስ ፕሬዚዳንት ቲም ክላርክ ኤርባስ ኤ350-1000ን እንዳለ አንገዛም አሉ። ምክንያታቸው ሞተሩ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ሙቀትና አቧራ ለጥገና ሳይወርድ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፣ ወጪውም አያዋጣም የሚል። አምራቹ ሮልስ ሮይስ ሞተሩ ጉድለት የለበትም ሲል መለሰ። በ2024 ግን የሞተሮቹን ዕድሜ ለማራዘም ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያወጣ አስታወቀ።

በዚያው ዓመት የእኛ አየር መንገድ ያንኑ አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ጭብጨባው ደመቀ፤ እኛም ኩራቱን አንነፍግም። ግን ሌላው በዋጋ ተሟግቶ የተወውን ሞተር እኛ በምን ዓይነት ውል ገዛነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በተርባይኑ ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ብረቱን ራሱን ለማቅለጥ የሚበቃ ግለት አለው። ብረቱን የሚያድኑት በውስጡ የሚነፍሰው ማቀዝቀዣ አየርና ላዩ ላይ የተለበጠው፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ሴራሚክ ናቸው። ሴራሚኩ ዚርኮኒያ ሲሆን ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ኢትሪያ ይቀላቀልበታል። አቧራ ሲገባ 1200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጥና ወደ ሴራሚኩ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይጠጥራል፣ ሽፋኑም ይላጣል። መላ አልጠፋም። ጋዶሊኒየም ዚርኮኔት የተባለው ሴራሚክ የቀለጠውን አቧራ ከላይ ያስቀረዋል፤ ብቻውን ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ በዚርኮኒያው ላይ ይደረባል።

አቧራው የዱባይ ብቻ አይደለም። አየር መንገዳችን ወደ ባሕረ ሰላጤው ዕለት ዕለት ይመላለሳል። በኖቬምበር 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ህንድ ድረስ ሲሻገር የህንድ አየር መንገዶች በረራ ሰርዘዋል።

ተሳፋሪ ለማስፈራራት አይደለም፤ ሞተር በየጊዜው ይፈተሻል፣ ይወርዳል፣ ይጠገናል። ጥያቄያችን የዶላር ነው። አምራቹ ዋስትና የሰጠው ለስንት በረራ ነው? ሽፋኑ ቀድሞ ቢላጥ ማን ይከፍላል? አዲሱ ሽፋን ሲመጣ በነጻ ይገባልን ወይስ እንደገና እንገዛዋለን? “የንግድ ምስጢር ነው” መባሉን ከወዲሁ እንጠብቃለን። ኤሚሬትስም እኮ የመንግሥት ነው፤ አለቃው ግን ቅሬታቸውን በጋዜጠኞች ፊት ተናገሩ።

በዚህ ሙያ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትሠሩ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ውል ምን ምን ሊይዝ እንደሚገባ ጻፉልን፤ እናወጣዋለን።