የካላባርን ሽንፈት በእኛ አታሳብቡ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ዋልያዎቹ በ2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ ተሸንፈው ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ስለቀሩበት ጨዋታ የጻፈውን አነበብኩ። ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል፣ ቁስሉ ግን አልደረቀም፤ ስለ እሱ መጻፉን አልነቅፍም። የምነቅፈው የደረደረውን ምክንያት ነው። ዳኛው በላን ይላል። ዕድል ከዳን ይላል። ልጆቹ ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ በወገኖቻቸው ላይ የሚደርሰውን እየሰሙ በምን ልባቸው ይጫወቱ ይላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ስላደግሁ አልገረሙኝም። ሦስተኛው ግን አንገበገበኝ። ያን ሳምንት እኔ ሹመይሲ ነበርኩ። እዚያ ታጉረን ከነበርነው ሰዎች መካከል «ቡድኑ በእኛ ሐዘን ተሸነፈ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። ይህን የሚለው ውጭ ሆኖ የሚያዝንልን ሰው ነው። እናመሰግናለን ወንድሜ፣ ግን ይቅርብን። የእኛ መከራ ለራሱ የሚበቃ ነገር አለው፤ የፌዴሬሽን ማስተባበያ ሆኖ እንዲያገለግል ግን አንፈቅድም።

ለመሆኑ ቀኑን ቆጥረኸዋል? የምሕረት ጊዜው ያለቀው ጥቅምት 24 ቀን 2006 ነው። አፈሳው የተጀመረው በማግስቱ፣ ጥቅምት 25። የመጀመሪያው ጨዋታ አዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው ግን ጥቅምት 3፣ እሑድ ዕለት ነው። ሦስት ሳምንት ይቀድማል። ያን እሑድ እኛ ገና በየሥራችን ነበርን፤ ግማሹ ግንብ ላይ፣ ግማሹ በሰው ቤት፣ ግማሹ በረሓ ከግመል ጋር። ልባቸውን የሚሰብር ወሬ ከሳዑዲ ገና አልደረሳቸውም። እንዲያም ሆኖ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በሜዳህ 2 ለ 1 ተሸንፈህ የአፍሪካን ዋንጫ በዚያው ዓመት ወዳነሣ ቡድን ሜዳ ስትሄድ፣ ነገሩ እቤትህ አልቋል። ኅዳር 7 ቅዳሜ ካላባር ላይ የሆነው ቀብሩ ነው።

ሹመይሲን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ላይ ያለ ሰፊ ግቢ ነው፤ እኛ ተርሂል የምንለው። በዚያ ኅዳር ሰው በሰው ላይ ነበር። ከዚያ ዓመት አፈሳ ጋር ተያይዞ ወደ አገሩ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ከ160,000 በላይ ነው፤ ከጅዳና ከመካ አካባቢ የተሰበሰበው ብዙው ሰው በዚያ በር አለፈ። አውሮፕላን እስኪደርስህ ድረስ የምትሠራው ነገር የለም። ትተኛለህ፣ ትሰለፋለህ፣ ታወራለህ። ውጤቱ 2 ለ 0 መሆኑ በስልክ ሲገባ አንዱ ለቅሶ ጀመረ፣ ሌላው «ኳስ ምን ይሠራልሃል፣ ነገ የት እንደምትወድቅ አታውቅ» ብሎ ተቆጣው።

ይህን ቁጣ ዛሬም ከአንዳንድ የማኅበራችን ታላላቆች እሰማዋለሁ። ሕዝብ እየተባረረ ስለ ኳስ ማውራት ነውር ነው ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ ግቢ ሰው ሆኖ ለመውጣት የረዳኝ ምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ ከጸሎት ቀጥሎ ያ የኳስ ክርክር ነው እላለሁ። ስምህን ጠይቆ የማያውቅ ሰው በቁጥር በሚጠራህ ቦታ፣ «አንተ ተከላካዩ የት መቆም ነበረበት ትላለህ?» ብሎ ሐሳብህን የሚጠይቅህ ሲገኝ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ግን ክርክሩ ራሱ ነው። ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። ሁሉም «ዳኛው፣ ዳኛው» ሲል ዝም ብሎ ቆየና ስድስት የተምር ዘር ለቅሞ መሬት ላይ ደረደረ። «ናይጄሪያ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ገጥማናለች፤ ያገባችብን ስድስት ነው። በሉ ደቂቃውን ንገሩኝ» አለ። በፈረንጆቹ ዘንድሮ ማለቱ ነው፣ 2013። አንዱ ሲረሳ ሌላው እያስታወሰ ሞላንለት።

የመጀመሪያው ጥር 21 ቀን 2005፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ረስተንበርግ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃንበት ጊዜ። ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት፤ ያው ሞሰስ በ90ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት። ሁለተኛው አዲስ አበባ፤ ኤማኑኤል ኤሜኒኬ በ67ኛው፣ እንደገና ኤሜኒኬ በ90ኛው፣ እሱም በፍፁም ቅጣት ምት። ሦስተኛው ካላባር፤ ሞሰስ በ20ኛው በፍፁም ቅጣት ምት፣ ቪክቶር ኦቢና በ82ኛው በቅጣት ምት።

ልጁ ዘሮቹን በሁለት መንገድ ከፈላቸው። መጀመሪያ ፍፁም ቅጣት ምቶቹን ለየ፤ አራት። መልሶ ቀላቀላቸውና ከ80ኛው ደቂቃ ወዲህ የገቡትን ለየ፤ አሁንም አራት። ከዕረፍት በፊት የገባችብን አንዲት ብቻ። ከዚያ የራሳችንን ጠየቀ፤ በ270 ደቂቃ ስንት አገባን? አንድ። እሷም በኃይሉ አሰፋ ያሻማት ትሁን የመታት ያልታወቀች ኳስ ናት።

በቴሌቪዥን ከተሰማው ትንተና ሁሉ ይህ የተምር ዘር ይበልጥብኛል። ወንድማችን ባለፈው እትም ሁለት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ እነዚህን ደቂቃዎች አንድ ቦታ እንኳ አላነሣም።

እንግዲህ ወደ ዳኛው እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ የሳላዲን ሰይድ ኳስ መስመር አልፋ ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። እሺ፣ አልፋለች እንበል። ጎሉን እንስጥህ፤ 2 ለ 2 ይሆናል። ከዚያስ? ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈሃል። ጎሉ ቢጸድቅ ጨዋታው መልኩን ይቀይር ነበር ትለኝ ይሆናል፤ ይቀይር ይሆናል፤ በ«ቢሆን ኖሮ» ግን ብራዚል አይኬድም። ፍፁም ቅጣት ምቶቹስ? አራቱም የተሰጡት በሦስት አገር፣ በሦስት ሜዳ ነው። አንዱ ቢያጠራጥር እስማማለሁ። አራቱንም ዳኛ ፈጠራቸው የሚል ካለ ግን እሱ የሚፈልገው መጽናኛ እንጂ መልስ አይደለም።

እኔ የማየው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የሚያልባቸው፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እንግዶቹ መሆን ነበረባቸው። የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ የእኛ ንብረት ነው፤ አየሩ የእኛ፣ ጩኸቱ የእኛ። በ57ኛው ደቂቃ ደግሞ እየመራን ነበር። ታዲያ በዚያ ሰዓት እየሮጠ ሳጥናችን ውስጥ የሚገባው ማን ነበር? ከቱርክ ፌነርባቼ የመጣው ኤሜኒኬ። እግሩ የዛለ ተከላካይ ቀድሞ መድረስ ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ይጎትታል፣ ይጠልፋል፣ እጁን ይዘረጋል። ፍፁም ቅጣት ምት ከሰማይ አይወርድም፤ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ እግር ነው የሚወለደው።

ያ ግማሽ ሰከንድ የልጆቹ ስንፍና አይደለም። አብዛኞቹ በአገር ቤት ሊግ የሚጫወቱ ነበሩ፤ ሊጋችን ደግሞ ፍጥነቱ ይታወቃል። ቆንጆ ቅብብል፣ አጫጭር ኳስ፣ ተመልካች የሚያስጨበጭብ። ነገር ግን በሳምንት አንዴ በእርምጃ ፍጥነት የሚጫወት ሰው በ85ኛው ደቂቃ ቼልሲ ከገዛው አጥቂ ጋር እኩል አይሮጥም። ተቀያሪ ወንበሩም ያው ነው። ረስተንበርግ ላይ ቅያሪ ጨርሰን በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ፣ ጓንት አጥልቆ የቆመው የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ነበር። ያን ምስል ያየ ሰው ስለ ዕድል እንዴት ያወራል? አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ካለው ነገር በላይ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ ያለውን ነገር ማን ይህን ያህል ብቻ አደረገው የሚል ነው።

«ዳኛው በላን» የምትለው ቃል የምትጠቅመው ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለበትን ሰው ነው። ዳኛው በማግስቱ አገሩ ይገባል። ቢሮ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ይቀመጣል።

የምንያህልን ነገር እዩት። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት። ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለውን ጨዋታ አይሰለፍም፤ ይህን የሰፈር ልጅም ያውቀዋል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ቦትስዋና ላይ አሰለፉት። 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር፤ ፊፋ ሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን አዲስ አበባ በደስታ ስትሰክር፣ በዚያው ቀን የፊፋ ወሬ መጣ። ጳጉሜን 2 ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈው ልጆቹ ምድቡን በላባቸው ዳግመኛ ባይገዙት ኖሮ፣ ናይጄሪያንም አናያትም ነበር። ስለዚህ ካርዱ ብራዚልን አላሳጣንም፤ እሱን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ዛሬም ሰው ነገሩን ሲያነሣ «የምንያህል ካርድ» ነው የሚለው። ካርዱን መቁጠር የማን ሥራ ነበር? ተጫዋቹ ኳስ ይጫወታል፤ መዝገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ስም የለውም፣ ምንያህል ግን ስም አለው።

ይህን እዚህ ያለ ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። ኢቃማህን ማሳደስ የከፊልህ ግዴታ ነው፤ የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 ወጪውንም የጣለው በእሱ ላይ ነው። ሳይታደስ ሲቀር መንገድ ላይ የሚያዘው ማን ነው? ሁሩብ ብሎ ያስመዘገበብህ ሰው እቤቱ ሻይ ሲጠጣ፣ ተርሂል የምትሰለፈው አንተ ነህ። ከዚያ አገር ቤት ስትደርስ ጎረቤት «ወረቀት ሳይኖረው» ይልሃል። ወረቀቱ በማን እጅ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። እና እንዲህ ያለ ሕይወት የኖረ ሰው፣ ተራው ደርሶ ስለ ኳስ ሲጽፍ፣ ያንኑ ጠረጴዛ ነፃ አውጥቶ ዳኛና ዕድልን ሲከስ ሳይ ነው የተናደድኩት።

ነገሩ ያለፈ ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አላለፈም። ባሕር ዳር ስታዲየም የካፍን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ ከታገደ በኋላ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ተጫውተዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን ጨዋታ አስታውሱ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበትን። በወረቀት «ባለሜዳ» ነበርን። የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ በ1954 ዓ.ም. ግብጽን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሣች አገር፣ እንግዳ የምትቀበልበት ሜዳ አጥታ ለዓመታት በኪራይ ኖራለች። የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ ስንት ዓመት እንደፈጀ የምታውቁት ነው። ይህንንስ የትኛው ዳኛ ነው የወሰነብን?

ወንድማችን መልስ የሚጽፍ ከሆነ አዘጋጆቹ ቦታ ይስጡት፤ እኔም አነበዋለሁ። ግን ስድስቱን ደቂቃዎች ይዞ ይምጣ።

እግረ መንገዴን፣ የራሳችንም ነገር አለ። ማኅበራችን ዓርብ ዓርብ የሚያካሂደው የስድስት ቡድን ውድድር በሚቀጥለው ወር ይጀመራል። ባለፈው ዙር በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ልጅ ተሰልፎ ሁለት ቡድኖች ለድብድብ ተገባበዙ፤ ማን ስንት ካርድ እንዳየ የጻፈ ሰው ስላልነበረ በምስክር ዳኘን። ማሊያው ተገዝቷል፣ ኳሱም አለ፣ ዋንጫው ከመካ እየመጣ ነው ተብሏል። የካርድ ደብተሩን የሚይዝ ሰው ግን እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልተመረጠም።