የኛ ሰው ስላልነው ተጫዋች

የዚህን ቁጥር ርእሰ አንቀጽ የመጻፍ ተራ የደረሰው ለእኛ፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት ለሆንነው ጥቂት ተማሪዎች ነው። ሰው ሞርሞን ብሎ የሚጠራን እኛው ነን። ቡና ሲጠሩን ቆሎውን ብቻ ቆርጥመን የምንመለስም እኛው ነን፤ በቡና አገር ተወልዶ ቡና አለመጠጣት ምን ያህል ማብራሪያ እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ያውቀዋል። በማደሪያችን ግድግዳ ላይ የአንድ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፎቶግራፍ ተለጥፎ ያዩ ወንድሞችና እህቶች «ይህን ሰው የምታደንቁት ስለ ጨዋታው ነው ወይስ ስለ ሃይማኖቱ?» ብለው ጠይቀውናልና መልስ ልንሰጣቸው ይገባል።

ተጫዋቹ ጂመር ፍሬዴት ይባላል። ያደገው በኒው ዮርክ ግዛት በግሌንስ ፎልስ ከተማ ሲሆን፣ የተማረው በዩታ በሚገኘው በቤተ ክርስቲያናችን ዩኒቨርሲቲ በብሪገም ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተፈጸመው የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ 28.9 ነጥብ በማግባት ከአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። ቁመቱ ለቅርጫት ኳስ ሰው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዝላዩም እንዲሁ። ነገር ግን ተከላካዩ ገና ሳይጠጋው፣ የመሐሉን መስመር ጥቂት አለፍ እንዳለ ይወረውርና ያገባል። በዚያ ዓመት በጥር ወር እስከዚያች ምሽት ማንም ያላሸነፈውን የሳን ዲዬጎ ስቴትን ቡድን 71 ለ58 ሲረቱ 43ቱን ያገባው እሱ ነው። ታላቅ ወንድሙ በልጅነቱ ወደ እስር ቤት እየወሰደ ከእስረኞች ጋር ያጫውተው እንደ ነበር ይነገራል። የእስረኛን ጩኸት የለመደ ጆሮ የተመልካች ስድብ ምን ያደርገዋል?

እስከዚህ ድረስ መልሳችን «ስለ ጨዋታው» ነው። ዳሩ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከሱ የበለጡ ተጫዋቾች አይተናል፤ የአንዳቸውንም ፎቶግራፍ አልለጠፍንም። በቁጥር አንሶ የኖረ ሰው የራሱ ወገን በአደባባይ ሲታይ ቀና ብሎ ይሄዳል። ቡድኑ እሑድ ስለማይጫወት የብሔራዊው ውድድር አዘጋጆች ጨዋታውን ሐሙስና ቅዳሜ ሲያደርጉለት፣ የኛም ሰንበት የተከበረ ያህል ደስ አለን። በዚህ አናፍርም።

የምናፍርበት ነገር ሌላ ነው። በመጋቢት 2011 መግቢያ ቡድኑ 27 ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ በአገሪቱ ሦስተኛ ተብሎ ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲው ብራንደን ዴቪስ የተባለውን ዋና ተጫዋች የተማሪዎችን የክብር ደንብ ጥሷል ብሎ ከቀሩት ጨዋታዎች አገደው። በማግሥቱ ቡድኑ በገዛ ሜዳው በኒው ሜክሲኮ 82 ለ64 ተሸነፈ። ብዙ ጋዜጦች ዩኒቨርሲቲው ሕጉን በዋንጫ አልለወጠም ብለው አመሰገኑት። እኛም «አያችሁ የኛን ትምህርት ቤት!» እያልን አጨበጨብን። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፍሬዴት በዚያው በኒው ሜክሲኮ ላይ ብቻውን 52 ነጥብ ሲያገባ ደግሞ ዴቪስን ጨርሰን ረሳነው።

ዴቪስም እኮ የኛው ሃይማኖት ልጅ ነው። ያደገውም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ባለበት በፕሮቮ ከተማ ነው። ስሙ በየጋዜጣው ሲወጣ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ደግሞም ጥቁር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1978 ድረስ ለጥቁር ወንዶች ክህነት ትከለክል ነበር፤ በ1969 የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ 14 ጥቁር ተጫዋቾች ከብሪገም ያንግ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ይህንኑ ለመቃወም ክንዳችን ላይ ጥቁር ጨርቅ እንሰር ስላሉ ከቡድናቸው ተባርረዋል። አፍሪካውያን የሆንን እኛ ይህን ልንዘነጋ አይገባንም ነበር። ታዲያ ደንቡን የጣሰው ፍሬዴት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ እናጨበጭብ ነበርን? እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አንዱ «አዎን» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን።

ይህን ስንል ደንቡ ይሻር ማለታችን አይደለም፤ ፈርሞ የገባ ይጠብቀው። የተቸገርነው በራሳችን ጭብጨባ ነው። ያሸነፈውን «የኛ» ብለን ስንቆጥር የወደቀውን ከቁጥር አወጣነው።

የፍሬዴትም ነገር ቢሆን ሁልጊዜ ድል አልነበረም። የዚያ ዓመት ውድድር በተጨማሪ ሰዓት በፍሎሪዳ 83 ለ74 በመሸነፍ አለቀ። በባለሙያዎቹ ሊግ እንደታሰበው አልሆነለትም፤ ሻንጋይ ሄዶ በ2017 በአንድ ጨዋታ 73 ነጥብ አገባ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ፤ በ2025 ጨዋታ አቆመ። ፎቶግራፉ ከግድግዳችን አይወርድም።

ዴቪስ በታገደበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቡድኑ ዋዮሚንግን አሸነፈ፤ ያው የ1969ኙ ዋዮሚንግ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ልማድ የሊግ አንደኛነትን ያገኘ ቡድን የቅርጫቱን መረብ ቆርጦ ይከፋፈላልና፣ ተጫዋቾቹ መረቡን ሲቆርጡ ዴቪስም መካከላቸው ሆኖ ቆረጠ። የዚያን ምሽት ፎቶግራፍ ያለው አንባቢ ቢኖር ያውሰን፤ ከፍሬዴት ጎን ቦታ አለ።