ማን ከፈለው? ዕቃውስ የማን ነው?

በዚህ ዓመት በሁለተኛው ተርም አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን እሱም እናቱም ፈቅደውልኛል። ከእናቱ ኤምፔሳ 3,400 ሺሊንግ ጥቂት በጥቂት ወጥቷል። ለዩኒፎርምና ለመጽሐፍ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። ልጁ በስልክ በሚጫወተው ጌም ውስጥ “ዳይመንድ” ገዝቶበታል፤ በዳይመንዱ ደግሞ ለተጫዋቹ ልብስና ያጌጠ ጠመንጃ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አካውንቱ ተዘጋ። የደረሰው ሁለት መስመር መልእክት ደንብ ተጥሷል ይላል፤ የትኛው ደንብ እንደሆነ አይልም።

እኔ ስለ ስርቆቱ ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሱን ቤታቸው ጨርሰውታል። እሳቸው የመጡት ሌላ ነገር ይዘው ነው። “መምህር፣ የሸጠለትን ሰው አሳዩኝ። ወይ ዕቃውን ይመልስ፣ ወይ ገንዘቤን ይስጠኝ። እኔ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ነኝ፤ መነጋገር አያቅተኝም” አሉኝ። የማሳያቸው ሰው አልነበረኝም። ዕቃውም የት እንዳለ መናገር አልቻልኩም።

ልጁን ለምን እንደገዛው ጠየቅሁት። በቪዲዮ የሚከታተለው አንድ ወጣት አለ፤ ያንን ጠመንጃ ከሁሉም የተሻለ ነው እያለ፣ በራሱ ገንዘብ እንደገዛው እየተናገረ ሲጫወትበት አይቷል። “ተከፍሎት ይሆን እንዴ?” አልኩት። ልጁ ቅር አለው። “አይ መምህር፣ እሱ እኮ እንደኛ ተጫዋች ነው” አለኝ። ወጣቱ ተከፍሎት ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ እኔም ልጁም የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም።

የሞያሌ ሰው ደላላን ያውቃል። ከብት ተራ ወርዶ ግመል ወይም በሬ የሸጠና የገዛ ሁሉ በመሃል የሚቆመው ሰው ኮሚሽን እንደሚወስድ ያውቃል። ደላላው በሬውን ሲያሞግስ ገዢው እየሳቀ ይሰማል፤ ጥርሱን ራሱ ይቆጥራል፣ ቆዳውን ራሱ ይዳስሳል፣ ዋጋውን ያወርዳል። ማንም ደላላውን አታላይ አይለውም። ሥራው ይህ እንደሆነ የታወቀ ነው። አሁን ያው ደላላ ራሱን እንደ ገዢ አስመስሎ ከአጠገባችሁ ቆሞ “እኔም ትናንት ከዚሁ ሰውዬ ገዝቼ ተጠቀምኩ” ቢላችሁስ? ያኔ ስሙ ይለወጣል። የሚገባውን ስም እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህ በጌም ዓለም ውስጥ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም፤ በመንግሥት ተመርምሮ የታወቀ ነው። በ2014 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዋርነር ብራዘርስ “ሻዶው ኦፍ ሞርዶር” የተባለ ጌም ሲያወጣ ታዋቂ ዩቲዩበሮች በማስታወቂያ ድርጅት በኩል ከመቶዎች እስከ አሥር ሺዎች ዶላር ተከፍሏቸው ቪዲዮ ሠሩ። ከተከፋዮቹ አንዱ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ተከታይ የነበረው ፒውዲፓይ ነው። ጌሙን በጎ አድርገው እንዲያቀርቡ፣ ብልሽቱንም እንዳያሳዩ ተነግሯቸው ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2016 ኩባንያውን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። እኔን የገረመኝ ክፍያው ፈጽሞ አለመደበቁ ነው። ተጽፏል፤ ነገር ግን ከቪዲዮው ሥር፣ ተመልካቹ ተጭኖ ካልከፈተው በማይታይ ቦታ። ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን ሳይሠሩ ሲቀሩ ደብተሩን ከቦርሳው ሥር አድርገው “ይዤ መጥቻለሁ” የሚሉኝን ዓይነት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። “ካውንተር ስትራይክ” በሚባለው የተኩስ ጌም ውስጥ “ስኪን” የሚሉት የጠመንጃ ጌጥ አለ። ጌጡ ስለሚሸጥና ስለሚለወጥ ቁማር መቆመሪያም ሆነ። ትሬቨር ማርቲን እና ቶማስ ካሰል የተባሉ ሁለት ታዋቂ ተጫዋቾች በአንድ የቁማር ድረ ገጽ ላይ ሲያሸንፉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ለቀቁ። አንደኛው ቪዲዮ በ5 ደቂቃ 13,000 ዶላር እንዴት እንደሚገኝ አሳያለሁ የሚል ርዕስ ነበረው። የድረ ገጹ ባለቤቶች ግን ራሳቸው ነበሩ። አንዱ ፕሬዚዳንት፣ ሌላው ምክትል። በዚያ ላይ ለሌሎች ታዋቂ ሰዎች ከ2,500 እስከ 55,000 ዶላር እየከፈሉ አስወድሰዋል። ኮሚሽኑ በ2017 ሲደርስባቸው የተፈረደባቸው ነገር ወደፊት እንዲናገሩ መታዘዝ ብቻ ነው፤ መቀጮ እንኳ አልነበረበትም። በአስተያየቴ ይህ ቀላል ሆኖ አልፏል። የእኛ ልጆች ዕድሜ ያላቸው ስንት ልጆች ያንን ቪዲዮ አይተው ይሆን?

ሰው ለሙያው መከፈሉን አልቃወምም። ጌም የሚሠራ ወጣት ይብላ፤ የሚያስተዋውቀውም ይብላ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ኩኩሉን እና ገበጣን ለስልክ ሠርቷል፤ እንዲህ ያለው ሥራ አስተዋዋቂ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው አንድ ቃል ነው፤ “ተከፍሎኛል” የሚል፣ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ፣ ልጅ በሚገባው ቋንቋ።

ገበጣን ካነሳሁ አይቀር ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ገበጣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር ይጫወቱታል። ጠጠሩን ማንም መጥቶ “ፈቃድህ አልቋል” ብሎ አይወስድብህም። ዛሬ ልጆቻችን “ግዛ” የሚል ቁልፍ ተጭነው የሚያገኙት ግን እንዲህ አይደለም።

ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 መጨረሻ “ዘ ክሪው” የሚል የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሸጠ። ጌሙ ብቻህን ስትጫወት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይከፈትም። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች የያዙት ዲስክ ባዶ ሰሃን ሆነ። ገዢዎች አሜሪካ ውስጥ ሲከሱ ኩባንያው የሸጥኩት የመጫወት ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም ብሎ ተከራከረ። በጽሑፉ ላይ እውነቱን ነው፤ በረጅሙ የስምምነት ደንብ ውስጥ ተጽፏል። ማን አነበበው?

ይህን ለከብት አርቢ ወላጆቻችን ላስረዳ ብዬ ስሞክር አንድ አባት አቋረጡኝ። “ጥጃ ገዝቼ፣ ምልክቴን አድርጌበት፣ አሥር ዓመት አብልቼው፣ ሻጩ በሌሊት መጥቶ ሊነዳው ይችላል ነው የምትለኝ?” አሉ። አዎ፣ ያንኑ ነው የምለው። “ታዲያ ኪራይ ይበሉት” አሉ። ከዚህ የተሻለ የሕግ አስተያየት አልሰማሁም። የካሊፎርኒያ ግዛት እኚህ አባት ያሉትን የሚመስል ሕግ በ2024 አውጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል፤ ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ሳይናገር “ግዛ” የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የተሸጠ ጌም እንዳይገደል የሚጠይቅ አቤቱታ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል።

ጌም ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት፣ ሻጩ የማሳተም መብት አልነበረውም ብሎ፣ ከገዢዎች የንባብ መሣሪያ ላይ በርቀት አጠፋቸው። ገንዘቡን መልሷል። ነገር ግን አንድ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርቱ ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ትርጉም አጡ፤ ማስታወሻ የተጻፈበት ገጽ የለምና። በሄሉ ያለ ልጅ መጽሐፉን ለታናሽ ወንድሙ ያወርሳል፤ ያም ለጎረቤት። አንድ የሒሳብ መጽሐፍ በአምስት ልጆች እጅ ሲያልፍ በዚህ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ከስክሪን የተገዛ መጽሐፍ እንዲህ አይወረስም።

ሕግ አለን ወይ ብትሉኝ፣ አለን። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ሸማች ከዕቃውና ከአገልግሎቱ ተገቢውን ጥቅም ለማግኘት የሚያስፈልገውን መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ማስታወቂያም ፍትሐዊ፣ እውነተኛና ጨዋ እንዲሆን ሕግ እንዲወጣ ያዛል። ከኬላው ማዶ የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የኛ ልጅ ግን በአንድ ኪሱ የሳፋሪኮም፣ በሌላው የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይዞ፣ ሰርቨሩ ሌላ አህጉር ያለ ጌም፣ ሦስተኛ አገር በተሠራ ቪዲዮ ተመክሮ ይገዛል። ለማን አቤት ይበል? ሁለት መንግሥት ያለን ሰዎች ነን፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድም የሌለን ያህል ነው።

አንዳንድ ወላጆች መፍትሔው ስልኩን መንጠቅ ነው ይላሉ። ለትንንሾቹ እስማማለሁ። የኤምፔሳ ሚስጥር ቁጥርም ከልጅ ይደበቅ፤ ይህን እንኳ መናገር አያስፈልገኝም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ነገ በስልክ የሚነግድ፣ የሚማርና የሚመከር ሰው ነው። ማን እንደከፈለ መጠየቅን ዛሬ ካልተማረ ነገ ከጠመንጃ ጌጥ የበለጠ ነገር ይሸጡለታል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አይገባኝም። ከሁለት ዓመት በፊት በወላጆች ቀን አንድ የትምህርት አፕሊኬሽን በመድረክ ላይ አመሰገንኩ። ልጆች ቤታቸው ሆነው ሳይንስና ሒሳብ እንዲከልሱ ይረዳል አልኩ፤ አምኜበትም ነበር። ከአርባ በላይ ወላጆች የዓመት ከፈሉ። ያልተናገርኩት፣ የአፕሊኬሽኑ ወኪል ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ለቢሯችን ፕሪንተር ማምጣቱን ነው። ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለኔ አልመጣም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሰባተኛው ወር አፕሊኬሽኑ መከፈት አቆመ። ወላጆች የከፈሉባቸው ትምህርቶች ሁሉ አብረው ጠፉ፤ የወኪሉም ስልክ አይነሳም።

በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆንኩ፤ ክፍያውን ያልተናገረ አሞጋሽም፣ የሌላ ሰው ዕቃ “የእናንተ ነው” ብሎ ያስረከበም። ያ በቪዲዮ የሚናገረው ወጣት ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ወላጆች የሚያምኑኝ፣ ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍም ያተምኩት በዚያው ፕሪንተር ነው።

ስለዚህ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣ ስጦታ ሁሉ፣ ኳስም ቢሆን፣ ከሰጪው ስም ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የትኛውም መምህር በክፍል ወይም በስብሰባ አንድን ዕቃ ከማሞገሱ በፊት ያገኘው ነገር ካለ ይናገራል። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስት ቪዲዮ እያዩ አሞጋሹ ምን ሊያገኝ እንደሚችል ይከራከራሉ፤ የክርክሩን መሪነት ለዚያው ልጅ ሰጥቼዋለሁ። አካውንቱ አልተመለሰለትም። እናቱ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ “ሻጩ ተገኘ?” ይሉኛል፤ ግማሹ ቀልድ ነው።

በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጾች የከተማችን ሱቆችና ምግብ ቤቶች የመልካም ምኞት መልእክት አለ። ከእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ “የተከፈለበት” የሚል ቃል አስጽፈናል። አንድ ነጋዴ ቅር ብሏቸው ገጻቸውን አስወጥተዋል። የፕሪንተሩ አመጣጥም በንብረት መዝገብ ላይ ከነቀኑ ተጽፏል፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ቢሮ ይምጣ።