አዳራሹ የሚስቀው በማን ነው?

በፔታህ ቲክቫ ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) የማያቸው የአማርኛ አጫጭር ኮሜዲዎች ውሸታም አድርገው የሚያቀርቡት ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ዕብራይስጡ ሳይገባቸው የገባቸው መስለው ለቢሮ ጸሐፊዋ «ኬን፣ ኬን» (አዎ፣ አዎ) የሚሉትን ሽማግሌ። አንድ ምሽት አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። እሳቸውም ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተዋል። የሽማግሌው «ኬን» ፍርሃት የወለደው ነው፤ ማንንም አልጎዱበትም፣ ምንም አላተረፉበትም። በዚያ መሳቅ ግፍ ነው።

መድረክ ላይ መታየት ያለበት የሚያተርፈው ውሸት ነው። ሞልየር እ.ኤ.አ. በ1664 ባቀረበው «ታርቱፍ» ጻድቅ መስሎ ሰው ቤት ገብቶ የባለቤቱን ንብረት በእጁ የሚያስገባ አስመሳይ አለ። ታርቱፍ ግን እስከ ሦስተኛው ገቢር ድረስ ብቅ አይልም። ቀድመን የምናየው አባወራውን ኦርጎንን ነው፤ ሚስቱ መታመሟን እየነገሩት እሱ የታርቱፍን ጤንነት ይጠይቃል። አስመሳዩን ደጅ ከፍቶ ያስገባው ማን እንደሆነ በዚያች ጥያቄ ይገባናል። ተውኔቱ ታግዶ ቆይቶ በነጻነት የታየው በ1669 ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶልናል። ከዚያም በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» አውሬዎችን አናግረው የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት ተችተዋል። ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ስላወቁ ነው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር የተከለከለው።

የእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ውሸት ግን በተውኔት ሳይጻፍ መቅረቱ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክረምት በፔታህ ቲክቫ ሦስት የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የቤተ እስራኤል ልጆችን አንቀበልም አሉ። ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬስ ሳይቀሩ አወገዙት። ልጆቹ ቦርሳቸው ተዘጋጅቶ ትምህርት ሲጀመር የሚገቡበት አልታወቀም ነበር። ያኔ ስለ ደረጃ፣ ስለ መመዘኛ ብዙ ተወራ፤ ቆዳቸው ነው ብሎ በግልጽ የተናገረ ግን አልሰማሁም።

ወጣት ጸሐፊዎቻችን የእነዚያን ትምህርት ቤቶች የምዝገባ ክፍል ጻፉልን፤ በዕብራይስጥም ይታይ። የመዝጋቢውን ሚና ለጎበዙ ተዋናይ ስጡት። ጨካኝ ሆኖ ከገባ ተመልካቹ ወዲያው ይለየዋል፤ ይልቅስ ልጇን ልታስመዘግብ ለመጣችው እናት ወንበር ስቦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ የልጁን ስም አሳምሮ ጠርቶ ሳይመዘግብ ይመልሳት።