ስለ አዳራሻችን ጣሪያ ቆርቆሮ የጽሕፈት ቤቱ አስተያየት



እንደሚታወቀው የማኅበራችን አዳራሽ ጣሪያ በዝገት ተበልቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ስንደቅን ኖረናል። ቆርቆሮው እንዲለወጥ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ክርክሩ በዓይነቱ ላይ ነው። አንዳንድ አባሎች «ጌጁን ብቻ እዩ፤ ወፍራም ከሆነ በቃ» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ብረቱ ቢወፍርም ልባሱ ከሳሳ መዛጉ አይቀርም።

የተለመደው ልባስ ዚንክ ነው። ዚንክ ለብረት ቤዛ ነው፤ ቆርቆሮው ቢጫር ወይም ቢቆረጥ እንኳ እሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ግን እሱም ያልቃል፣ ካለቀ ደግሞ አለቀ። ሁለተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተልሔም ስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያወጣው ሲሆን፣ ልባሱ በክብደት ከመቶ 55 እጅ አሉሚኒየም፣ 43.4 ዚንክ፣ 1.6 ሲሊኮን ነው። ዚንኩ ቤዛነቱን ሲሠራ አሉሚኒየሙ ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አበጅቶ ዝናቡን ይከላከላል። በአብዛኛው የአየር ጠባይ ከተራው ዚንክ ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይቆያል። ስለሆነም ቢወደድም ለአዳራሹ ይኸው ይገዛ እንላለን።

ታዲያ ለሁሉም ቦታ ይሁን ማለታችን አይደለም። ላምና ዶሮ የምታረቡ ጎረቤቶቻችን ለበረት አትግዙት፤ ከሽንትና ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ ይበላዋል። በተቆረጠው ጠርዝ በኩልም ተራው ዚንክ የተሻለ ጠባቂ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን የአሠራሩ ነገር ነው። ሠራተኞች በግድግዳና በጣሪያ መካከል ያለውን ክፍተት በማልታ መድፈን ይወዳሉ። እርጥብ ሲሚንቶ ግን ለአሉሚኒየም መርዝ ነው፤ ቆርቆሮው ባናቱ ደህና ሆኖ ሳለ ማልታ በነካው መስመር ላይ ይበሳል። በግራይንደር መቁረጥም ልባሱን ያቃጥላል፤ የሚረጨው የብረት ብናኝ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይዝጋል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ። መቼም ግራይንደር የለመደ ሰው መቀስ አንሳ ሲሉት ይቀየማል፤ ይቀየም። የመዳብ ሽቦም ጣሪያው ላይ አይጋደም፣ ከመዳብ የሚወርድ ውሃ ልባሱን ይጎዳልና። ቆርቆሮው ተገዝቶ ሲመጣም ግቢ ውስጥ ዝናብ አይምታው፤ በክምሩ መሐል ውሃ ከገባ ገና ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ይጠቁራል።

እነዚህ ነጥቦች ከሠራተኛው ጋር በምንፈራረመው ውል ውስጥ በጽሑፍ እንዲገቡ ለእሑዱ ስብሰባ እናቀርባለን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ማታ ለጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት