«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ማን ነበር?

በቅርቡ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት አንድ አዛውንት የጫት ነጋዴ ቆመው ብራቸውን ስቆጥር ይመለከቱኝ ነበር። በወጪ ማዘዣው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ አንተ ፊደል ቆጥረህ የእኔን ብር ትቆጥራለህ፤ እኔ ግን ፊደል ሳልቆጥር ብር አስቆጥራለሁ» አሉኝ። ሳቅሁ። ቀጠሉና፣ «እውቀት የሚያድን ቢሆን የሐረማያ ሐይቅ በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ይደርቅ ነበር?» ሲሉ ሳቄ ከአፌ ላይ ቀረ። ከኋላቸው ሰልፍ ስለነበረ ያን ቀን አልመለስሁላቸውም። ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ። ሐረርን ለአሥርተ ዓመታት ያጠጣው ሐይቅ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነጠፈ። ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከተሰለፉት የሐረር ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። ውሃው በቅርብ ዓመታት መመለስ መጀመሩ ያንን ጥማት አያስረሳም።

ነገር ግን ሐይቁን ማን ጠጣው? ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ የሚስበው የውሃ ሞተር፣ ከተራቆተው ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለል፣ ከዚያው የሚቀዱት ከተሞች። እኛ ባንክ ቤት በየማታው ሒሳብ ስንዘጋ የምናየው ሦስት ነገር ነው፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ወጪው ዘወትር ከገቢው የሚበልጥ ሒሳብ መጨረሻው ባዶ ነው። ይህን ስሌት ለሐይቁ የሚሠራ እውቀት በአጠገባችን ነበረ፤ ሞተሩን ያስነሳ ግን አልጠየቀውም፤ የጠየቀ ቢኖርም አልሰማውም። እንግዲህ ሐይቁን ያደረቀው እውቀት ሳይሆን የእውቀት መናቅ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ ግን አልጭንም። እኛ የተማርነውስ? ጥናታችንን በእንግሊዝኛ እየጻፍን፣ መመረቂያ እያደረግን፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ አለበስነው። በአፋን ኦሮሞ የሚያስበው የሐረማያ ገበሬ በምን ያንብበው? የጀጎል ዑለማዎች እንዲህ አልነበሩም። ዓረብኛን ጠንቅቀው እያወቁ፣ «ኪታብ አል-ፈራኢድ»ን የመሰለ መጽሐፍ በገዛ ከተማቸው ቋንቋ፣ በሐረሪ፣ በዓረብኛ ፊደል ጽፈው ትተውልናል። ዛሬም በራስ ተፈሪ ቤት ባለው በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ለሚገባ ሰው፣ የእጅ ጽሑፎቹ ይህች የነጋዴ ከተማ የመጻሕፍትም ከተማ እንደነበረች ይመሰክሩለታል። ነጋዴና ደረሳ በአንድ በር ይገቡ ነበር። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጨፈርን፤ ግንቡን ይዘን ልማዱን ግን ጣልን።

«የተማረ ይግደለኝ» ያሉት ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችን ነበሩ። ዛሬ ተረቱ «የተማረ ምን አገኘ?» ሆኗል። ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ አይከፋም፤ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ምን እንዳጣን መጠየቅ ግን ይቀድማል።

አባባ፣ እርስዎ እውነትዎን ነው፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ብር ማስቆጠር ይቻላል። ከደረቀ ሐይቅ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ማስቀዳት አይቻልም። ጫትዎም ብር አይጠጣም።